በሴሪያል በር ለሚገባ

ሰርክአዲስ ትዕዛዙን እንደገና ጻፈችና ኢንተሩን ተጫነች። ላፕቶፑ ላይ ያው የጠዋቱ መልስ መጣ፤ እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አልተገኘም።

"እህ?" አሉ አቶ ደጅይጥኑ በሩ ላይ እንደቆሙ።

"እንቢ አለኝ አባባ።"

"እንዳለፈው?"

"እንዳለፈው ነው።"

የፓምፕ ጣቢያው ጥበቃ የሆኑት ሽማግሌ ሌላ አልጠየቋትም። ፊታቸውን መልሰው ወደ ወንዙ ማየት ጀመሩ። ከጣቢያው በታች፣ ከሰቆጣ የወረዱ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ፣ የጠለለውን በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞላሉ። አንዳንዶቹ ቀና እያሉ የጣቢያውን በር ያያሉ። ሰርክአዲስ ምን እንደሚባባሉ ሳትሰማ ታውቃለች። ባለፈው ጊዜ ገበያ መሐል አንዷ ለጓደኛዋ በኽምጣና፣ "ውሃውን የምታደርቀው ይቺ ናት" ስትል ሰምታታለች። ሴትዮዋ ቢሮ የምትሠራ ልጅ የእናቷን ቋንቋ የምትረሳ መስሏት ይሆናል።

እሑድ የወረደው መብረቅ የጣቢያውን አንቴና አቃጥሎታል። "ምንጭ አንድነት" የተባለው የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ለከተማው ላይኛው ሰፈርና ለአንድ ጤና ኬላ ውሃ የሚገፋው ከዚህ ነው። ፓምፑን የሚያዘው የጫማ ካርቶን የሚያህል የብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፤ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ይሠራል። ወደ ውስጡ የሚያስገቡት በሮች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከከተማው ቢሮ በራዲዮ ኔትወርክ ነው። ሰርክአዲስ በየቀኑ በዚያ ትገባለች፤ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ታቆማለች፣ አስቸግሯት አያውቅም። ሁለተኛው ሴሪያል የሚሉት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እዚህ ድረስ ወርደው፣ አንድ ገመድ ከላፕቶፕ ወደ ሳጥኑ ሰክተው የሚገቡበት። በእጅ የሚነሳው ማብሪያ በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ከተወሰደ ወዲህ አልተተካም።

ያስቸገራት ይሄ ሁለተኛው በር ነው። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ይቀበላል፣ ያስገባታል፣ ቀላል ቀላሉን ትዕዛዝ ይፈጽምላታል። ፓምፑን አስነሳ ስትለው ግን አላውቀውም ይላታል። ቢሮ ተቀምጣ ስትጽፈው የሚሠራው ያው ትዕዛዝ፣ በዚያው በራሷ ስም፣ በዚያው ማሽን ላይ።

እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አልነበረም። ካምናው ፋሲካ ወዲህ ኔትወርኩ በጠፋ ቁጥር ላይኛው ሰፈር ውሃ የሚያገኘው ኢንጂነር በሪሁን ከወልድያ ሲመጣ ነው።

ጣቢያውን የተከለው በሪሁን ነው። ሰርክአዲስ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ያለ ሥራ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ ማኅበሩ እንዲቀጥራት የተናገረላትም እሱ፣ ሳጥኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ሽቦ ያስተማራትም እሱ ነው። ያኔ እናቷ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ሲያዝ፣ ዘመድ የሌለው ሰው በባዕድ አገር ምን ይሆናል ብለው እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽ ይዘውት በእግራቸው ወደ ደሃና ገጠር ወረዱ። እዚያ መልሰው በሚባለው አጎቷ ቤት፣ የገብስ ቂጣ እየበላ፣ አረም እያረመ፣ ጠያቂ ሲመጣ "የእህቴ ልጅ ነው" እየተባለለት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ሰርክአዲስ "ጋሼ" ትለዋለች። እናቷ ደግሞ "የበኩር ልጄ" ይሉታል፤ ወልድያ ሄዶ ትዳር ከያዘ በኋላም እንኳ ፋሲካን ሳይጠሩት አያሳልፉም።

ሴሪያሉ እንቢ ባላት ቁጥር መጀመሪያ የምትደውለው ለእሱ ነበር።

"አትልፊ ሰርኬ" ይላታል። "ሴሪያል ደካማ መስመር ነው፤ ከባድ ትዕዛዝ አይሸከምም። እኔ በልምድ ነው የማባብለው። ብዙ ከነካካሽው ማሽኑን ታበላሺዋለሽ። እስክመጣ ዝም ብለሽ ጠብቂኝ።"

ትጠብቀዋለች። ይመጣል። እሱ በራሱ ስም ገብቶ ያንኑ ትዕዛዝ ሲጽፍ ፓምፑ ይነሳል። እሷ ከኋላው ቆማ ጣቶቹን ታያለች፤ ከእሷ ጣት ምን እንደሚለያቸው አይገባትም። ባለፈው መስከረም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጋሽ አብዱሰመድ፣ "የኢንጂነሩ ውል ይቅር፤ ልጃችን ብቻዋን አትችልም ወይ?" ብለው ሲጠይቁ ብድግ ብላ፣ "ያለ ጋሼ በሪሁን አልችልም" ያለችውም ከልቧ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሳቁ ነበሩ። ማታውን ለእናቷ፣ ይሄ ሥራ የእኔ አይደለም፣ ትቼ ሱቅ እቀጠራለሁ ብላ አልቅሳለች።

ዛሬ ግን ለመደወልም አልሆነም። የስልኩ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ጋሽ አብዱሰመድ ትላንት ለበሪሁን ስለደወሉ መንገድ ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አታውቅም።

"አባባ፣ ይሄ ነገር እኮ ግራ ነው" አለች፣ ከማሽኑ ይልቅ ሰው ማናገር አሰኝቷት። "የአንድ ቤት ሁለት በር ማለት ነው። በፊተኛው ስገባ ዕቃው ሁሉ በየቦታው አለ። በጓሮው ስገባ ደግሞ ዕቃው የለም ይለኛል። ቤቱ ያው ቤት፣ እኔም ያው እኔ…"

"በሩ ጠቦ ይሆናላ" አሉ አቶ ደጅይጥኑ። "ያልፋል እንዴ ሁሉም ነገር በጠባብ በር?"

"እሱማ ጋሼ በሪሁንም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን እኮ…"

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ግን እኮ መስመሩ ደካማ ቢሆን ፊደሉ ይዛባ ነበር፤ ግማሹ ይደርስ ግማሹ ይጠፋ ነበር። የገመዱን ፍጥነት ስታዛባው እንዴት ያለ ዝብርቅርቅ እንደሚመጣ አይታለች። የሚመጣው መልስ ግን ጥርት ያለ ነው። ማሽኑ ያለችውን ሰምቷል፤ ሰምቶ ነው የለም የሚላት። እስከ ዛሬ ይቺን ሳታስብ የቀረችው ስለማትችል አልነበረም፤ በሪሁን መልሱን ስለሰጣት ነው። ሰው ያመነውን አይመረምርም።

ማሽኑ ትዕዛዝ ሲሰጠው ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል ይነገሩታል። የት የት እንደሚፈልግ ጠየቀችው። አንዲት አጭር መስመር መለሰላት። ቢሮ ስትሆን የምታየው የዚህን እጥፍ እጥፍ ነው። የፓምፑ ፕሮግራሞች ያሉበት ቦታ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

"አባባ፣ ቆይ እስቲ" አለች፣ ማንም ሳያስቸኩላት።

ሰው ሲገባ ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነበውን ፋይል ልትከፍት ሞከረች። እያገላበጡ የሚያነቡበት ፕሮግራምም የለም አላት። ጥቂት ጥቂት መስመር እየቆረጠች ማውጣት ያዘች። ላይኛው ክፍል የምታውቀው ነው፤ በየትኛውም ሊኑክስ ላይ ያለ። መሐሉም እንደዚያው። ከታች፣ ብዙ ባዶ መስመር ተዘሎ፣ ማንም እስከዚያ ወርዶ አያነብም ተብሎ በተተወው ቦታ፣ አንድ የተጨመረ ነገር አገኘች። በሴሪያል በር ለሚገባ፣ ይላል፣ የፍለጋ ቦታዎቹን ወደነዚህ አሳጥር።

እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

መጀመሪያ የመጣላት ደግ ሐሳብ ነው። ለጥንቃቄ ይሆናል ያደረገው፤ ሌባ ወይም ወታደር ጣቢያውን ሰብሮ ቢገባ ፓምፑን እንዳይነካ። ረስቶት ይሆናል። ሥራ የበዛበት ሰው ስንቱን ያስታውሳል? ከዚያ ቀጣዩን መስመር አነበበች። የገባው ሰው በሪሁን ከሆነ ግን፣ ይላል፣ ምንም አትንካ።

ስሙ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፏል፤ ሲገባ የሚጽፈው እንደዚያው።

ፋይሉ መቼ እንደተነካ ጠየቀች። የፈረንጁን ቀን ወደ አገሩ አቆጣጠር ስትመልሰው ያምናው ፋሲካ ማግስት ሆነ። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። በሪሁን ከእነሱ ቤት አድሮ፣ ጠዋት ከዶሮው ቅሪት ቁርስ በልቶ፣ "ጣቢያውን አንዴ አይቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። እናቷ እስከ በር ሸኝተውት ነበር።

"ምነው ልጄ?" አሉ አቶ ደጅይጥኑ። ፊቷን አይተው ቀረብ አሉ። "መርዶ አየሽ?"

"አይ።" መስመሩን በጣቷ አሳየቻቸው። "ጋሼ በሪሁን በሩን ቆልፎብኝ ነው።"

"የቱን በር?"

"ይሄንን። እኔ ስገባ እንቢ እንዲል፣ እሱ ሲገባ እንዲከፈት አድርጎ።"

ሽማግሌው ሳጥኑን አዩ፣ እሷን አዩ። ነገሩን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው።

"እኔ ዕድሜዬን በጥበቃ ነው የጨረስኩት" አሉ በመጨረሻ። "የውጭ ሌባ ሲመጣ ውሻው ይጮሃል። ውሻው ጅራቱን የሚቆላለት ሰው ሲሰርቅ ነው የሚከፋው።"

ሰርክአዲስ እናቷን እያሰበች ነበር። ባለፈው ክረምት ውሃው ሲጠፋ ወይዘሮ ብርሃነሽ ከወንዝ ጀሪካን አዝለው ሲወጡ ጭቃው ላይ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ወጌሻው ቢያሸውም እስከ ዛሬ ጠምዘዝ እንዳለ ነው፤ ሊጥ አያቦኩበትም። በሪሁን ያን ጊዜ ፓምፑን አስነስቶ ሲያበቃ ብርቱካንና ስኳር ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የታሰረውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ "ይማሩኝ እማዬ፣ ቶሎ ባለመድረሴ" አላቸው። እናቷ መርቀውታል።

እንባ መጥቶባት ነበር፤ በመዳፏ ጠረገችውና ወደ ኪቦርዱ ተመለሰች። የጎደሉትን የፍለጋ ቦታዎች በእጇ ጻፈችለት። ከዚያ ፓምፑን አስነሳ አለችው። አንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከወለሉ በታች የብረት ማጉረምረም ተሰማ፤ ግድግዳው ነዘረ፤ የግፊት መለኪያው ቀስት ብድግ አለ። ከወንዙ ዳር አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ ጀሪካናቸውን እየደፉ ሽቅብ ማየት ያዙ።

አቶ ደጅይጥኑ በኽምጣና መረቋት። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። እሷ ግን ስብሰባው ላይ ቆማ አልችልም ስትል፣ እሱ ከፊተኛው ረድፍ ዞር ብሎ በፈገግታ ያያት አስተያየት ነበር የሚታያት።

በሪሁን የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ባጃጁ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አውርዶት በእግሩ መጣ፤ የላፕቶፕ ቦርሳውን በትከሻው አንግቷል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል። የፓምፑን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሳይሆን አልቀረም፤ በሩ ላይ ሲደርስ ሰላምታ ማስቀደሙን ረሳ።

"ተነሳ?"

"ተነሳ" አለች ሰርክአዲስ ከበርጩማዋ ሳትነሳ።

"በምን?"

"በሴሪያል።"

ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። ላፕቶፑን አየ። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ እንዳሉ ነበሩ፤ አላጠፋቻቸውም። አቶ ደጅይጥኑ አንድ ጊዜ ገላመጡትና ዱላቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ።

"ሰርኬ፣ እሱ እኮ ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ጊዜው ጥሩ አልነበረም። ማንም እየገባ እንዳይነካው…"

"እርስዎ ሲገቡ ለምን ይከፈታል ታዲያ?"

"እኔማ አንድ የሚገባ ሰው መኖር ስላለበት…"

"እኔስ? እኔ ማንም ነኝ?"

በሪሁን ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ተቃራኒው ግድግዳ ሥር ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ያረጀ መሰላት።

"ውሌን ሊያቋርጡት ነበር" አለ። "አብዱሰመድ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እያወራ ነበር፤ ልጅቷ ከቻለች ለወልድያ ሰው ለምን እንከፍላለን እያለ። ከዚህ ሌላ ቋሚ ሥራ የለኝም። ከጦርነቱ በኋላ ከሜዳ ነው የጀመርኩት፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ለጊዜው ብዬ ነው። አንድ ሁለቴ ከመጣሁ በኋላ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር።"

"አንድ ቃል ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ" ስትለው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም ሰሙት።

"ምን ብዬ?"

"ተቸገርኩ ብለህ። ስብሰባው ላይ ቆሜ እለምንልህ ነበር።"

"አንቺማ ለምነሽልኛል" አለ፣ አቀርቅሮ።

ስብሰባው ላይ ያለ ጋሼ በሪሁን አልችልም ያለችው ትዝ አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

"የእናቴን እጅ በምን ዓይንህ አየኸው?"

"ሰርኬ…"

"ይዘኸው ተቀምጠህ ነበር እኮ። ይማሩኝ እማዬ ስትል ሰምቻለሁ። ቶሎ ባለመድረሴ አልካቸው። የጎዳቸው መዘግየትህ ነበር ወይ?"

በሪሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ ይሁን ሲያስብ መለየት አልቻለችም፤ ልትለይም አልፈለገች። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ።

"ለአብዱሰመድ ነግረሻል?"

"ስልክ የለም። ለማንም አልነገርኩም።"

"እንግዲያው ስሚኝ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፤ ሁለት መስመር ናት። ከዛሬ ወዲህ አንቺ ብቻሽን ትሠሪያለሽ፤ እኔም ራሴ ውሉን በቃኝ እላቸዋለሁ። በሰላም እንለያይ። እማዬ ይሄን ከሰሙ አይችሉትም፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ብለሽ።"

እናቷን ማንሳቱ አንገበገባት፤ ቢሆንም እውነት አለው። ወይዘሮ ብርሃነሽ ደሃና ድረስ በእግራቸው የወሰዱት ልጅ ነው። አጎቷ ቤቱን አደጋ ላይ ጥሎ "የእህቴ ልጅ" ያለው ሰው ነው። አብሮ የበላን ሰው በአደባባይ ማዋረድ በእነሱ ቤት አልተለመደም። ደግሞስ ውሃው መጥቷል። እሱ ሄዶ እሷ ብትቀር ምን ይጎድላል? ድካም ተሰማት። ዝም ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ መተኛት ፈለገች። ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ክዳኑ ላይ አኖረች።

ያኔ ከውጭ የመኪና ድምፅ መጣ። ጋሽ አብዱሰመድ በፒካፓቸው እስከ በሩ ድረስ ወርደው፣ ኮፊያቸውን እያስተካከሉ፣ በደስታ ገቡ። ከሱቃቸው ነው የመጡት፤ ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧው ሲንፈቀፈቅ ሰምተው።

"ኢንጂነር! አልሐምዱሊላህ!" በሪሁንን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። "እግርህ እንደረገጠ ውሃው መጣ። ጤና ኬላው እኮ ወላድ በጀሪካን እያጠበ ነበር። አላህ ይስጥህ! በል እስቲ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?"

በሪሁን ሰርክአዲስን አየ። እሷም አየችው። እንዲናገር ጠበቀች፤ ብዙም አልነበረም የምትጠብቀው፤ "እኔ አይደለሁም" የምትል አንዲት ቃል ብቻ።

"ሥራችን ነው ጋሽ አብዱሰመድ" አለ በሪሁን።

"ኧረ ሥራስ ሥራ ነው!" ሊቀመንበሩ ወደ ሰርክአዲስ ዞሩ። ቸር ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኗት ፈለጉ። "አንቺም አይክፋሽ ልጄ። ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ። ሁሉም የየራሱ ተሰጥኦ አለው።"

"እሺ ጋሽ አብዱሰመድ" አለች ሰርክአዲስ።

እጇን ከላፕቶፑ ክዳን ላይ አነሳች። ብድግ አለችና ስክሪኑን ወደ ሁለቱ አዞረችው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው። "ፈረንጅኛ ነው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"

"እኔ ባነብልዎ በቂም የተናገርኩ ይመስላል" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷንም ገረማት። "የጻፈው እሱ ነው። እሱ ያንብብልዎ።"

ጋሽ አብዱሰመድ ግራ ተጋብተው ከአንዷ ወደ አንዱ ያያሉ። በሪሁን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሰርክአዲስ በርጩማዋን አንስታ ከስክሪኑ ፊት አስጠጋችለት።

"ተቀመጥ በሪሁን" አለችው። "በአማርኛ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው።"